ጋራዥዎ ውስጥ ያለውን መርዝ ይወቁት፣ ከምንጩም ይቁረጡት

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ስላልቆመ የጋራዡ የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። አንዱ መካኒክ የሚኒባስ ሞተር አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል። ጥግ ላይ ባትሪ ቻርጅ እየተደረገ ነው። ከሸራው ጀርባ ቀለም ቀቢው የመኪና በር ይነፋል። ረዳቱ ልጅ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ወደ ዳቦው ይዘረጋል። የወደቀ ሰው የለም፣ የጮኸም የለም። ነገር ግን በዚያች አንድ ሰዓት የሞተሩ ጢስ፣ የአሲዱ እንፋሎት፣ የቀለሙ ብናኝና ቤንዚኑ እያንዳንዳቸው ወደ ሰው አካል ገብተዋል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የጋራዥ መርዝም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ በደቂቃዎች ይጥላል፤ አብዛኛው ግን ዛሬ ራስ ምታት፣ ነገ ሳል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ካንሰር ሆኖ ይመጣል። በሽታው በሚመጣበት ጊዜ ሠራተኛው ጋራዡን ለቆ ሊሆን ስለሚችል ከሥራው ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ይህ መመሪያ ለጋራዥ ባለቤቶችና ለፎርማኖች የተጻፈ ነው፤ ሠራተኞችም አብረው ቢያነቡት ይበጃል። በአብዛኛው ስለ ጥንቃቄ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ጭምብል መግዛት ነው። ጭምብል ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። ቅደም ተከተሉ መርዙን ማወቅ፣ መጠኑን መመዘን፣ ከምንጩ መቁረጥ፣ ከዚያ ያልተቆረጠውን በጭምብልና በጓንት መከላከል ነው። ሥራውን ለመጀመር አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ግማሽ ቀን ይበቃዎታል።

1. ዞረው ይመዝግቡ

ጋራዡ ሥራ ላይ እያለ ከበሩ ይነሡና እያንዳንዱን የሥራ ቦታ ይዙሩ። ቢሮ ተቀምጠው በትዝታ የሚጽፉት ዝርዝር ግማሹ ይጎድለዋል። በየቦታው ቆም ብለው ሦስት ነገር ይጻፉ፦ እዚህ ምን ይሠራል? በሥራው ላይ የሚውለው ነገር ምንድን ነው? ከሥራው የሚወጣውስ ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የብየዳ ጢስ በጣሳ ተሽጎ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ የፍሬን ሸራ ብናኝም መለያ የለውም። ሁለቱም ግን መርዝ ናቸው።

በተራ ጋራዥ ደብተር ላይ ቢያንስ እነዚህ ይገኛሉ። ከሞተር ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድና የናፍጣ ጥላሸት አለ። ከባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ጋዝና እርሳስ ይወጣል። ከቀለም ክፍል ቲነርና የሃርድነሩ አይሶሳያኔት ይነሣል። ከባትላሜራው ዘንድ የብየዳ ጢስ፣ የስቱኮ ብናኝና የአሮጌ ቀለም ብናኝ አለ። ከፍሬንና ከፍሪሲዮን አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ከእጥበት ቤንዚን፣ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ይገኛል።

በዚህ ዙር ላይ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ ነገር ካገኙ ወዲያውኑ ያስቁሙ። አሲድ ወይም ቲነር በውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ የጠማው ሰው እንዲጠጣው መጋበዝ ነው። ማንኛውም ፈሳሽ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፤ የግድ መገልበጥ ካለበት ስሙና አደጋው በአማርኛ በትልቁ የተጻፈበት ሌላ ዕቃ ይዘጋጅለት።

2. መለያውን ያንብቡ

ቀጥሎ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጡ። በዓለም አቀፉ የኬሚካል መለያ ሥርዓት የተዘጋጀ መለያ በቀይ ሰያፍ አራት ማዕዘን ውስጥ የተሣሉ ምልክቶች አሉት፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ናቸው። የራስ ቅልና አጥንት በትንሽ መጠን የሚገድል መርዝን ያመለክታል። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ካንሰርን፣ አስምንና በውስጥ አካል ላይ የሚደርስ ጉዳትን ያሳያል። እጅና ብረት የሚበላ ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ነገርን፣ ነበልባሉ ደግሞ ተቀጣጣይነትን ይናገራል። ቋንቋውን ማንበብ የማይችል ሠራተኛ እንኳ እነዚህን ምልክቶች በአንድ ከሰዓት መማር ይችላል።

ሻጩን የዕቃውን የደህንነት መረጃ ሰነድ ይጠይቁት። ይህ ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ ክፍል 2ን ስለ አደጋው፣ ክፍል 4ን ስለ መጀመሪያ እርዳታ፣ ክፍል 8ን ስለ መጋለጫ ወሰንና ስለ መከላከያ ያንብቡ። ጓንቱ ከምን መሠራት እንዳለበት፣ ጭምብሉ ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚያስፈልገው የሚነግርዎ ክፍል 8 ነው። ሰነዱን ሊያቀርብ የማይችል ሻጭ ምን እንደሚሸጥልዎ አያውቅም ማለት ነው፤ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

3. መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መንገድ ይከተሉ

መርዝ ጣሳ ውስጥ ስላለ ብቻ ሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ወደ ሰውነት ሲገባ ነው። መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ እስትንፋስ፣ ቆዳና አፍ። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚመለከተውን መንገድ በደብተርዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ጢስ፣ ትነትና ብናኝ በእስትንፋስ ይገባሉ። ቤንዚንና ቲነር በእስትንፋስም በቆዳም ይገባሉ። እርሳስ በእስትንፋስ ይገባል፣ እጁን ሳይታጠብ በሚበላ ሰው ደግሞ በአፍ ይገባል።

ከዚያ እነዚህን ይጨምሩ፦ ማን ነው የሚሠራው? በቀን ስንት ሰዓት? በሳምንት ስንት ቀን? በአጠገቡ ሌላ ማን አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉ። ቀቢው ጭምብል ቢያደርግ እንኳ ከሸራው ወዲህ ያለው ኤሌትሪሺያን ያንኑ አየር ያለ ጭምብል ይተነፍሳል።

መልሱን ከሠራተኞቹ ይስሙ። ሲጠይቁ እንደ ተቆጣጣሪ ሳይሆን ለመማር እንደመጣ ሰው ይጠይቁ። "ማታ ስትገባ ምን ይሰማሃል? ራስህን የሚያምህ የትኛውን ሥራ ስትሠራ ነው? እሑድ ስታርፍ ሳሉ ይቀንስልሃል?" የሚሉት ጥያቄዎች ከብዙ መሣሪያ ይበልጣሉ። በዕረፍት ቀን የሚሻል፣ ሥራ ሲገቡ የሚመለስ ሕመም ምንጩ የሥራ ቦታው እንደሆነ ያመላክታል።

4. በዓይንዎ ይመዝኑ

ብናኝን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ቀዳዳ በምትገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ሁላችንም አይተናል። የሙያው ሰዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ፤ ቦታውን አጨልመው ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ከብናኙ ጀርባ ወደ ራሳቸው አቅጣጫ ያበራሉ፤ በተራ ብርሃን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ያን ጊዜ እንደ ደመና ይታያል። ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ በዚህ መንገድ ይመልከቱ፤ ደመናው ከሠራተኛው አፍንጫ ጋር ሲገናኝ ያያሉ። በዚህ ላይ ግን ትልቁ ብናኝ ሳይሆን የማይታየው ደቃቁ ነው ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው።

አየር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ጢስ ያስፈልጋል። ጋራዡ ባዶ ሲሆን፣ ቀለምና ቤንዚን በሌለበት፣ ባትሪም ቻርጅ በማይደረግበት ቀን እጣን ያጭሱ። እሳቱ ተቀጣጣይ ትነት ካገኘ አደጋ ስለሚያመጣ ይህን ቅድመ ሁኔታ ፈጽሞ አይተዉ። ጢሱ ከመስኮት ይወጣል? ወይስ እዚያው ይሽከረከራል? ወይስ ከቀለሙ ክፍል ወደ ሻይ መጠጫው ይሄዳል? ያዩትን በደብተሩ ላይ በቀስት ይሣሉ። የትኛው በር መከፈት፣ የትኛው የሥራ ቦታ መዛወር እንዳለበት ከዚህ ሥዕል ይታወቃል።

አፍንጫዎን ግን አይመኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። አይሶሳያኔት ጉዳት በሚያደርስበት መጠን ላይ ሆኖ ላይሸት ይችላል። ቲነር ደግሞ በጥቂት ደቂቃ አፍንጫን ስለሚያለማምድ ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ ትነቱ ግን እዚያው ነው።

5. የሚለካውን በመሣሪያ ይለኩ

ጋራዥ መጀመሪያ ሊገዛው የሚገባ መሣሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ነው። ሌሎቹን መርዞች ለመለካት ባለሙያ ያስፈልጋል። ባለሙያው በሠራተኛው ወገብ ላይ ትንሽ አየር መሳቢያ ፓምፕ አስታጥቆ ማጣሪያውን ከአንገትጌው ላይ፣ ከአፍንጫው በ30 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ያያይዛል። ማጣሪያው ከሥራ በኋላ ላቦራቶሪ ይገባል። ጥግ ላይ ቆሞ የተለካ አየር ሠራተኛው የተነፈሰውን አይነግርም፤ ስለዚህ ልኬቱ ሰውየው ላይ እንዲሆን ያሳስቡ።

ቁጥሩ ከወሰን ጋር ይነጻጸራል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሥራ ቀን አማካይ ወሰኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 35 እጅ ነው፤ በሙያው አጠራር 35 ፒፒኤም ይባላል። 200 ፒፒኤም ደግሞ ለአፍታም መታለፍ የለበትም። ለእርሳስ በአሜሪካ ሕግ የ8 ሰዓት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው።

አማካዩ እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እንይ። አንድ መካኒክ ሞተር ሲያስተካክል ለ2 ሰዓት 90 ፒፒኤም፣ ቀሪውን 6 ሰዓት 15 ፒፒኤም ተነፈሰ እንበል። 2 ሲባዛ በ90፣ 180 ነው። 6 ሲባዛ በ15፣ 90 ነው። ሲደመር 270፤ ለ8 ሲካፈል 33.75 ይሆናል። ከ35 በታች ነውና አልፈናል ያሰኛል። ነገር ግን ሰውየው በዚያው 15 ፒፒኤም ሁለት ሰዓት ትርፍ ሰዓት ቢሠራ ድምሩ 300 ይሆናል፤ በ8 ሰዓት ቀን ስሌት ለ8 ሲካፈል 37.5፣ ከ35 በላይ ነው። በጋራዥ ደግሞ የአሥር ሰዓት ቀን ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ወሰንን መድረሻ አያድርጉት። ልኬትዎ የወሰኑን ግማሽ ሲያልፍ መቆጣጠሪያውን አሁኑኑ ማሻሻል ይጀምሩ።

ደጋ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህ የበለጠ ያሳስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የደማችንን ቀይ ሕዋስ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በስስ አየር ላይ ይህ ሲጨመር ጉዳቱ ይበረታል።

6. የትኛው ይቅደም?

ሁሉን በአንድ ቀን ማስተካከል አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ጉዳቱ ምን ያህል ይከፋል? ሠራተኛው ምን ያህል ጊዜ ይጋለጣል? ስንት ሰው ይነካል? የሚገድል፣ የማይድን ወይም ካንሰር የሚያመጣ ነገር ሁልጊዜ ይቀድማል። በአብዛኛው ጋራዥ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ በተዘጋ ቤት የሚነሣ ሞተር፣ ሃርድነር ያለው ቀለም፣ ባትሪ መፍታትና እርሳስ ማቅለጥ፣ የፍሬን ብናኝ፣ ብየዳ፣ ከዚያ የቆዳ ጉዳት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጢስን በ2012፣ የብየዳ ጢስን በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሰው ካንሰር አምጪ በሚለው የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። አስቤስቶስና በነዳጅ ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው benzene የተባለው ኬሚካልም እዚያው ምድብ ናቸው።

7. ከምንጩ ይቁረጡ

እዚህ ነው ጉልበትና ገንዘብ የሚወጣው። ለእያንዳንዱ ሥራ በዚህ ተራ ያስቡ፦ መርዙን ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል? ካልተቻለ ባነሰ ጎጂ መተካት? ካልተቻለ መዝጋት ወይም ጢሱን ከምንጩ መሳብ? ካልተቻለ የሠራተኛውን ቁጥርና ሰዓት መቀነስ? ጭምብል የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሞተር። ሞተር ከቤት ውጭ ይነሣ። የግድ በቤት ውስጥ ከሆነ ሙቀት የሚችል ቱቦ በማርሚታው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ጢሱን ወደ ውጭ ያውጣው፤ የቱቦው ጫፍ ከመስኮት ሥር ወይም ከጎረቤት በር አጠገብ አይሁን። በክረምት በር ተዘግቶ ሞተር አይነሣም የሚል ደንብ ይኑርዎ። ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስቀር ተራ ጭምብል የለም፤ የአቧራውም የከሰሉም ማጣሪያ አይረዱም።

ባትሪ። ባትሪ ፈትቶ እርሳስ ማቅለጥን ከጋራዥዎ ያስወግዱ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እሳቱ ሲበረታ ጢሱ ይነሣል፣ ብናኙ ግድግዳና ወለል ላይ ይተኛል። ያረጀ ባትሪ ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይደፋ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ይሰጥ። ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚነፍስበት ቦታ፣ ከብየዳና ከሲጋራ ርቆ ይሁን፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። መቆንጠጫውን ቻርጀሩ ሳይበራ ያያይዙ፤ ሲነቅሉም መጀመሪያ ያጥፉ። አሲድ ማቅጠን ካስፈለገ አሲዱ በዝግታ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ቀለም። ሃርድነር ተቀላቅሎበት የሚረጨው ቀለም አይሶሳያኔት አለው። ይህ ነገር አስም ያመጣል። አንዴ ሰውነቱ የተቆጣበት ቀቢ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂት እንኳ ቢነካው ትንፋሹ ይያዛል፤ ብዙዎች ሙያቸውን ለመተው ይገደዳሉ። ስለዚህ ለትንሽ ጥገና ከመርጨት ይልቅ በብሩሽ ወይም በሮለር የሚቀባ ሥራ ይምረጡ፤ ሃርድነር የማይፈልግ ወይም ውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለም በሚበቃበት ቦታ ይጠቀሙ። መርጨት ግድ ከሆነ አየር ስቦ በማጣሪያ ወደ ውጭ የሚያወጣ የተዘጋ ክፍል ያስፈልጋል፤ ሸራ መጋረጃ ክፍል አይደለም። ቀቢው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ያድርግ። ስፕሬዩ ሲቆም ደመናው የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይታይ ብናኝ ለደቂቃዎች አየሩ ውስጥ ይቆያል። ቀለሙ እንዴት እንደወጣ ለማየት ብሎ ጭምብሉን ገልጦ የሚያይ ቀቢ ከፍተኛውን መርዝ የሚተነፍሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ክፍሉ እስኪጸዳ የሚፈጀው ጊዜ በጢስ ተፈትኖ በር ላይ ይለጠፍ፤ ያ ደቂቃ ሳያልፍ ጭምብል አይገለጥ፣ ሌላም ሰው አይግባ። እነዚህ ካልተሟሉ ሃርድነር ያለው ቀለም አይርጩ፤ ክፍሉ ላለው ጋራዥ ሥራውን ያስተላልፉ። ገቢው ይቀንሳል፤ የቀቢዎ ሳንባ ግን ምትክ የለውም።

ፍሬንና ፍሪሲዮን። ባረጁ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አስቤስቶስ የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚገለጠው። አይቶ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንዳለበት ይቁጠሩ። በኮምፕረሰር አየር መንፋትና በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይከልከል። ሳሙና ባለው ውሃ በቀስታ አርጥበው በእራፊ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁን ሳይደርቅ በፌስታል ጠቅልለው ይዝጉ። አዲስ ሸራ ሲገዙ ከአስቤስቶስ ነፃ የሚል ይጠይቁ።

ብየዳ። ከሚበየደው መስመር ግራና ቀኝ ቀለሙንና ዚንኩን አስቀድመው ያስወግዱ። ጢሱን ከጎን የሚስብ አየር መሳቢያ ያቅርቡ፤ በያጁ ጢሱ በጭንቅላቱ በኩል እንዳያልፍ ቦታውን ያስተካክል። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወባ ነው ተብሎ የሚታለፈው ይህ ትኩሳት የአየር መሳቢያው እንዳልሠራ የሚያሳይ ምልክት ነው። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ አይበየድ፤ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጠራል።

እጥበት። ቤንዚን እጅ መታጠቢያ አይደለም። ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፣ ወደ ደምም ያልፋል። በጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ የተቃጠለውን ዘይት ያስለቅቃል። ቤንዚን በአፍ በላስቲክ መሳብ ፈጽሞ ይከልከል፤ የእጅ ፓምፕ ይግዙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መኪና ሥር በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ እዚያ ቤንዚን አይቀዳ፣ አይደፋም። የፈሰሰውን በሰጋቱራ ካስመጠጡ በኋላ ሰጋቱራውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ያስቀምጡ።

8. ለቀረው ጭምብልና ጓንት

ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርተው የቀረውን አደጋ በመከላከያ ዕቃ ይሸፍኑ። ምርጫው ላይ ብዙ ስሕተት አለ። የጨርቅ ጭምብልና ነጠላ ለምንም አይረዱም። ኤን-95 ብናኝን ያስቀራል፤ የቲነርን ትነት ግን አያስቀርም። ለትነት የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ዕድሜ አለው፣ ሥራ ሲያልቅ በተዘጋ ከረጢት ካልተቀመጠ አየሩን እየጠጣ ያረጃል። ጺም ባለበት ፊት ላይ ጭምብል አይገጥምም፤ አየሩ በጠርዙ ክፍተት በኩል ይገባል። ለቤንዚንና ለዘይት የናይትራይል ጓንት፣ ለብየዳ የቆዳ ጓንት ይመረጣል፤ ቲነርና ቀለም ግን በቀጭኑ ጓንት ቶሎ ስለሚያልፉ የሰነዱን ክፍል 8 ይከተሉ። አሲድ የሚነካ ሰው የዓይን መነጽር ያድርግ።

ወተትን በተመለከተ ግልጽ እንነጋገር። ብዙ ቦታ ቀቢና በያጅ ማርከሻ ተብሎ ወተት ይሰጠዋል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ይጠጣ። ነገር ግን ወተት የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጢሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። አሠሪ በወተት ወጪ የአየር መሳቢያን ወጪ ሊተካ አይችልም።

9. መርዙ ቤት ድረስ እንዳይከተል

ምግብ፣ ሻይና ሲጋራ ከሥራ ቦታ ይለዩ፤ ከመብላት በፊት እጅና ፊት በሳሙና ይታጠብ። ቱታ ጋራዥ ይቀመጥ፣ ጋራዥ ይታጠብ። የእርሳስ ብናኝ በቱታና በጫማ ወደ ቤት ሲገባ የሚጎዱት ወለል ላይ የሚጫወቱት ሕፃናት ናቸው፤ እርሳስ የሚያድገውን አእምሮ ይጎዳል። በሴኔጋል ዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ያረጀ ባትሪ እየተፈታ እርሳስ ይሰበሰብ በነበረበት ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 18 ሕፃናት ሞተዋል። በሰፈራቸው የተበተነው እርሳስ እንደገደላቸው ይታመናል።

10. ጤናን ይከታተሉ፣ ለአደጋ ይዘጋጁ

ሠራተኛ ሲቀጠር ይመርመር፤ ቀቢዎችና በያጆች የሳንባ አቅም ምርመራ፣ ባትሪ የሚነኩ ደግሞ የደም እርሳስ ምርመራ በየጊዜው ያድርጉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሥራዎን ይናገሩ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪሞች በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቁ መክሯል። ሐኪሙ ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት፤ የሚነኩትን ዕቃ መለያ በስልክዎ አንሥተው ይዘው ይሂዱ።

የአደጋ ጊዜ ደንብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦
• አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወይም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።
• ቤንዚን የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ቶሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ።
• ከሞተር ጢስ የተነሣ የዞረበት ወይም የወደቀ ሰው ካለ ሞተሩ ይጥፋ፣ በሮች ይከፈቱ፣ ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ እርዳታ ይጠራ።
• ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ለማውጣት ሳያስቡ ዘለው አይግቡ፤ አዳኙም ሁለተኛ ሟች ሊሆን ይችላል።

11. ሕጉን ያክብሩ፣ ደብተሩን ይክፈቱ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማስረዳት፣ የመከላከያ ዕቃ የማቅረብና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀምና ያየውን ጉድለት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም ወጣት አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። ቀለም ክፍሉና ባትሪ ቦታው ለእነዚህ ወጣቶች ዝግ ይሁን። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል።

ደብተሩ አንዴ ተሞልቶ የሚዘጋ አይደለም። አዲስ ቀለም ሲገዙ፣ አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ ምንም ባይለወጥም በየስድስት ወሩ እንደገና ዞረው ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጉድለት ጎን ማን እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ስምና ቀን ይኑር። ስምና ቀን የሌለው ዕቅድ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ነገ ጠዋት ሁሉን ማሟላት አይችሉም። ነገር ግን ነገ ጠዋት የጋራዡን በር መክፈት፣ ሞተሩን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከሃይላንዱ አሲዱን መገልበጥና ለረዳቱ ልጅ ሳሙና መግዛት ይችላሉ። እነዚህ አራቱ ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ይፈጃሉ። ያ ልጅ ሙያ ሊማር ወደ እርስዎ የመጣ የሰው ልጅ ነው፤ ሙያውን ከነጤናው ይዞ ይውጣ።